ዕቃ የማይነሳበት ቀን

ካልጋሪ፣ ሰንሪጅ ሞል ውስጥ ጡረተኞች የምንገናኝበት ጠረጴዛ አለ። በቅርቡ እዚያ ተቀምጠን ሳለ ተሾመ፣ ድሮ ታክሲ ይነዳ የነበረው ጓደኛዬ፣ ስልኩን እያየ ሳቀብኝ።

«በላይ፣ ያ ሥራህ እኮ አለቀለት!»

«የምን ሥራ?»

«የህንዷ ሥራ ነዋ! ፕሮቲን ምናምን የምትለው። አሁን ኮምፒውተር ቁጭ ብሎ ቅርጹን ይገምታል ይላል። ያን ሁሉ ዘመን በከንቱ ነው ብርድ ቤት የኖርከው።»

«ኮምፒውተሩ ከማን ተማረና?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ከኢንተርኔት።»

«ከእኛ ነው የተማረው! እኛ ካየነው!» ብዬ ጠረጴዛውን ስመታው ሻዩ ተደፋ።

«እሺ ጻፈዋ፤ እኛም እናንብበው» አለኝ።

ይኸው እየጻፍኩ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ አጻጻፌ ሸካራ ነው። ታራዴል ሰፈር የምትኖረው ልጄ ላስተካክልልህ አለችኝ። አይሆንም አልኳት። እሷ ካስተካከለችው የእሷ ይሆናል።

ሥራ የጀመርኩት ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ነው። ከሁመራ ሱዳን፣ ከሱዳን ካናዳ። እዚህ መጀመሪያ የገባሁት ከካልጋሪ ወጣ ብሎ ያለ ሥጋ ፋብሪካ ነበር፤ ሺፍቱን ሙሉ ብርድ ቤት ውስጥ ቢላዋ ይዤ እቆማለሁ። አለቃችን ክፉ አልነበረም፤ ግን የማንንም ስም አያውቅም፣ የሁላችንም ስም «ሄይ» ነበር። ትከሻዬ እምቢ ሲለኝ ሰንሪጅ ጽዳት ገባሁ። ከዚያ የጽዳት ኩባንያው ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ አዛወረኝ።

በተመደብኩበት ፎቅ አንድ ቀዝቃዛ ክፍል ነበር። መግባቱ ፍሪጅ ውስጥ እንደመግባት ነው። የጽዳት ሠራተኞቹ መጥረጊያውን አንዴ ወዲያ ወዲህ አድርገው ሮጠው ይወጣሉ። እኔ ለብርዱ አዲስ አይደለሁም፤ በሸሚዜ ገብቼ ጥጋጥጉን ስጠርግ፣ አንዲት አጠር ያሉ ህንዳዊት በሳሪያቸው ላይ ወፍራም ጃኬት ደርበው በር ላይ ቆመው ያዩኛል።

«አይበርድህም?» አሉኝ።

«ሥጋ ፋብሪካ ነበርኩ።»

«እዚህም ሥጋ ነው ያለው። በጣም ትንሽ ሥጋ» ብለው ሳቁ።

ዶክተር ማላቲ ይባላሉ፤ የፊዚክስ ሰው ናቸው። ያወራነው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ አንቱታ ባይኖረውም እኔ በልቤ ከመጀመሪያው ቀን አንቱ ብያቸዋለሁ፤ እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ። የላቦራቶሪያቸው፣ እኛ ላብ የምንለው፣ ዕቃ አጣቢ ሥራ ሲለቅ «ትመጣለህ?» አሉኝ። ደመወዙ ከጽዳቱ ብዙም አይሻልም፤ የሚሞላው ፎርም ግን መዓት ነበር። ሞልቼ ገባሁ።

ብርጭቆ ማጠብማ ማን ያቅተዋል ብዬ ነው የገባሁት። የመጀመሪያዎቹን አጥቤ ሳቀርብ አንዷን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ መስኮቱ አነሷት። አዩዋት። አምባራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ከጎኔ ቆመው እንደ አዲስ ማጠብ ጀመሩ። መጀመሪያ ሙቅ ውሃ በሳሙና። ቀጥሎ ሳሙናው ድራሹ እስኪጠፋ ማለቅለቅ። ከዚያ የተጣራ ውሃ። ከዚያ ደፍቶ በራሱ ጊዜ ማድረቅ። ጨርቅ አይነካውም፤ ጨርቅ ክር ይተዋል።

«ሰው ሊጠጣበት ነው?» አልኳቸው ተናድጄ።

«ሰው ቢሆን ምንም አይልም ነበር። ፕሮቲን ግን ያኮርፋል።»

ያን ሳምንት በሙሉ አጠገቤ ቆመው አጠቡ። «እንዲህ አድርግ» ብሎ ዞር የሚል አለቃ ብዙ አይቻለሁ፤ እጁን ውሃ ውስጥ የከተተ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሥራው ምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ፈጅቶብኛል። ሰውነት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሁሉ የየራሱ የታጠፈ ቅርጽ አለው። በጣም ከማነሱ የተነሳ በማይክሮስኮፕም አይታይም። እንዲታይ መጀመሪያ መርጋት አለበት፤ ጨው ውሃው ሲደርቅ እንደሚረጋው፣ ቁጥር ስፍር የሌለው ፕሮቲን ተሰልፎ አንዲት ክሪስታል ይሆናል። ክሪስታሏን በራጅ ይመቷታል። ራጁ ተበታትኖ ነጠብጣብ ይሠራል፤ ከነጠብጣቡ ቅርጹ በሂሳብ ይወጣል። ሂሳቡ የፊዚክስ ነው። የፊዚክስ ሰው ደምና ሥጋ ውስጥ ምን ሊያደርግ ገባ ለምትሉ፣ መልሱ ይኸው ነው።

ጣጣው ማርጋቱ ላይ ነው። አንዲት ጠብታ ፕሮቲን ስስ ብርጭቆ ላይ ይደረጋል። ብርጭቆዋ ተገልብጣ ጨዋማ ፈሳሽ ባለበት ጎድጓዳ አፍ ላይ ትከደንና ጠርዟ በግሪስ ይታሸጋል። ጠብታዋ ተንጠልጥላ ውሃዋን ቀስ እያለች ትለቃለች። ከቸኮለች እንደተበላሸ ወተት ትሆናለች። ካልፈለገች ደግሞ ዝም ትላለች። እንዲህ ዓይነት ብዙ ጎድጓዳ ያለበት ትሬ ይባላል፤ ትሬዎቹ የሚቀመጡት በዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ነው።

ዶክተር ማላቲ ጠብታ ሲያስቀምጡ ማየት ነበረባችሁ። ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ ያስደግፋሉ። ትንፋሻቸውን ያወጣሉ። ሌላ ትንፋሽ ከመሳባቸው በፊት ጠብታዋ ቦታዋን ይዛለች። «ከሸፈ» የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም፤ «እምቢ አለች» ነው የሚሉት። «እምቢ ያለች መልስ ሰጥታለች። ሌላ ጥያቄ እንጠይቃታለን» ይሉኛል።

ያሳደዷት ፕሮቲን የወባ ነበረች። ወባ የደም ሴል ላይ ተጣብቃ የምትገባበት እጅ በሏት። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሩዝ በእርጎ እየበሉ፣

«ወባ ይዞህ ያውቃል?» አሉኝ።

«ሁመራ። አልጋው አብሮኝ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«እኔን ማድራስ፣ ልጅ ሆኜ። መድኃኒቱ ይመርህ ነበር?»

«አሁንም ምላሴ ላይ አለ።»

«እንግዲህ እሷ ሁለታችንንም ታውቀናለች፤ እኛ አናውቃትም። ነውር አይደለም? እጇን እንይላት። እጇን ካየን ጓንት የሚሰፋላት አይጠፋም።»

እናታቸው ማድራስ ውስጥ ስኳር ክር ላይ እንዲረጋ እያደረጉ ይሸጡ ነበር። ልጅቷ ማላቲ ማሰሮው ሥር ቁጭ ብላ ስኳሩ ክሩ ላይ ጠርዝ እያወጣ ሲያድግ ስታይ ትውላለች። ማን ነው ጠርዙን እንዲህ የሚቆርጠው እያለች ታስባለች። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የራጅ ማሽኑ ኃላፊ «ሴት አትነካውም» አላት። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። በማግስቱም መጥታ ቁጭ አለች። ሰውዬው በእሷ ላይ ተራምዶ ማለፉ ሲሰለቸው ቁልፉን ሰጣት። ይህን ሲነግሩኝ እየሳቁ ነው። ኋላ ባላቸው እዚህ ነዳጅ ኩባንያ ሲቀጠሩ ካልጋሪ መጡ፤ ባላቸው ሲሞቱም ሥራቸው ከዚህ አላነቃነቃቸውም።

በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ከመስቀል በኋላ አንድ ጠዋት ስደርስ ላቡ ጸጥ ብሏል። የራጁ ማሽን ላይ ቀይ ቀለምና አበባ አለ። መቀሱ፣ ጠብታ መቅጃው፣ መፍቻው ሁሉ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ተደርድሯል። የእኔ የጠርሙስ ብሩሽም እዚያው አለ፤ እጀታው ላይ ቀይ ነጥብ ተደርጎበታል።

«ዛሬ በአገሬ የዕቃ በዓል ነው» አሉኝ። «ያበላን ዕቃ ዛሬ ይከበራል፤ እስከ ነገም አይነሳም።»

«የእኛም አገር በሚካኤል ቀን መጥረቢያ አይነሳም» አልኳቸው።

ደስ አላቸው። «ተማሪዎቼን በያመቱ ሳስረዳ ነው የምውለው። አንተ ሳልነግርህ ገባህ።»

ቀለሙን ግንባሬ ላይ አላደረግኩም፤ ክርስቲያን ነኝ፣ እሳቸውም አድርግ አላሉኝም። ዕቃ ማሳረፍን ግን ማን ይጠላል? ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ያን ቀን ብሩሼን አስቀምጣለሁ።

አሁን ክፉውን ልጻፍ። ከብዙ ዓመት እምቢታ በኋላ ጠብታዎቹ ውስጥ ክሪስታል ታየ። ደቃቃ ናቸው፣ ግን ክሪስታል ናቸው። «ትንሽ ይደጉ» አሉ ዶክተር። ጊዜው የጥር ብርድ ነበር፤ መኪና እንኳ አይነሳም። ቅዳሜና እሑድ ቺኑክ ነፈሰ። የካልጋሪ ሰው ያውቀዋል፤ ከተራራው ማዶ የሚመጣ ሞቃት ነፋስ ነው፣ ባንድ ቀን በረዶውን ጎርፍ ያደርገዋል። ሕንፃው ክፍላችንን የሚያቀዘቅዘው የውጭውን ብርድ እየሳበ ኖሯል። የሚስበው ብርድ ሲጠፋ ወደ ሞተር ማቀዝቀዣ መዞር የነበረበት መሣሪያ ቶሎ አልዞረም። ሰኞ በሩን ስከፍት ብርዱ ፊቴን አልመታኝም። ለዶክተር ደወልኩ።

ዶክተር መጥተው ትሬዎቹን ባንድ ባንድ ማይክሮስኮፕ ሥር አዩ። ጠብታዎቹ ውሃ ሆነዋል፤ ጥርት ያለ ውሃ። ክሪስታሎቹ ሟሙተዋል። አንዱን ካዩ በኋላ ሌላው ያው እንደሆነ ማንም ያውቃል፤ እሳቸው ግን አንዲት ጠብታ ሳይዘሉ እስከ መጨረሻው አዩ። ከዚያ ተነሥተው ወደ እኔ መታጠቢያ መጡ፣ አምባራቸውን አወለቁና ብርጭቆ ማጠብ ጀመሩ። እኔ አለቀለቅኩ። እስከ ምሳ ድረስ አጠብን። በዚያን ቀን «እምቢ አለች» አላሉም። እምቢ አላለችማ፤ እሺ ብላ ነው የጠፋችው።

የሕንፃው ኃላፊዎች ይቅርታ ጠይቀው ለክፍሉ የራሱ ማቀዝቀዣ ገጠሙለት። ፕሮቲኑ ግን አልቋል፤ እሱን እንደገና ለማዘጋጀት ብዙ ጊዜ ሄደ። በዚህ መሐል የዶክተር ጡረታ ደረሰ። ላቡ ከነቀዝቃዛው ክፍሉ በዓመቱ መጨረሻ ለኮምፒውተሮች እንደሚሰጥ ተነገረን። የቀረን ፕሮቲን ለአንድ ዙር ብቻ የሚበቃ ነበር። እሱ ካልረጋ ዶክተር ዕድሜያቸውን የሰጡትን ነገር ሳያዩ ቁልፍ ሊያስረክቡ ነው።

ያን ጊዜ አብራቸው የምትሠራው ሃርፕሪት ነበረች። የፑንጃብ ልጅ ናት፤ ታራዴል ነው ያደገችው፤ ዶክትሬቷን ጨርሳለች፤ ጎበዝ ናት፤ እኔን «አንክል» ትለኛለች። የመጨረሻዎቹን ትሬዎች ከዶክተር ጋር አዘጋጀች። ከዚያ በየቀኑ እያወጣች ታያቸዋለች። ግማሹ የተበላሸ ወተት ሆነ። የቀረው ዝም አለ።

የዕቃው በዓል ደረሰ። ጠዋት ስገባ ሃርፕሪት ጃኬቷን ለብሳ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ስትሄድ ቀደምኳትና በሩ ላይ ቆምኩ።

«ዛሬ አይነሳም» አልኳት።

«አንክል፣ አላነሳም። አይቼ ብቻ እመልሳለሁ።»

«ትሬው በእግሩ ሊወጣ ነው?»

«አንክል ፕሊስ! ክፍሉን ሊወስዱብን ነው እኮ። ለበዓል ጊዜ የለንም።»

«ጊዜ ሲኖርማ ማንም ያከብራል።»

ዶክተር አበባ ይዘው ደረሱ። እኔን አዩ፣ እሷን አዩ። ፊታቸው ላይ ድካም ነበር። ከዚያ ይሉታል ብዬ ያልጠበቅሁትን አሉ።

«ልቀቃት በላይ። ትይ። የዘንድሮው ይቅር።»

«አይሆንም» አልኳቸው።

«የእኔ በዓል ነው እኮ።»

«የእርስዎ መሆኑን አውቃለሁ። ደህና ሳሉ ያከበሩት ነው። ዛሬ ስለጨነቀዎት ይተዉታል፤ ነገ ይቆጭዎታል። እኔ ከበሩ አልነቃነቅም፤ ከፈለጉ ሴኩሪቲ ይጥሩ።»

«ዶክተር፣ በራስዎ በዓል በሩን ቆለፈብዎት» አለች ሃርፕሪት።

ዶክተር ሳቃቸው መጣ። አበባውን እንደያዙ ኮሪደሩ ላይ ካለው ወንበር ተቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። አበባውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ሃርፕሪት፣ ትሬውን በየቀኑ ታወጫለሽ?»

«አንዳንዴም በቀን ሁለቴ። እርስዎ ነዎት ያዘዙኝ።»

«እኔ ነኝ። ማይክሮስኮፑ ያለው ሞቃቱ ክፍል ነው። ይወጣል፣ ይሞቃል፣ ይወዛወዛል፣ ተመልሶ ይበርደዋል።» እጃቸውን እንደ ትሬ ይዘው ወዘወዙት። «ባለፈው በሙቀት የሟሙት እነዚሁ አይደሉ? ሙቀት እንደማትወድ ነግራናለች። እኛ ግን በየቀኑ እናሞቃታለን። የሚበቅለውን እየነቀልን ነው የምናየው።»

ተነሡና አበባውን ቀዝቃዛው ክፍል በር እጀታ ላይ አሰሩት።

«ዕቃው ይረፍ። ዛሬ ብቻ አይደለም፤ እስከ ርክክቡ ሳምንት ማንም አይነካውም።»

«ከዚያ ስንከፍት ምንም ባይኖርስ?»

«አሁንም እኮ እያየነው ምንም የለም።»

እኔ በዓል ነው ያልኩት፤ እሳቸው ፊዚክስ አደረጉት። ልዩነታችን ያ ነው።

መጠበቅ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሃርፕሪት በበሩ መስኮት አፍንጫዋን ለጥፋ ቴርሞሜትሩን ታነባለች። ዶክተር ወረቀት ለመፈለግ ብለው በዚያ ያልፋሉ፤ ወረቀት እዚያ የለም። «ዶክተር፣ መንገዱ በዚህ አይደለም» ስላቸው እየሳቁ ይመለሳሉ። ኅዳር ላይ ቺኑክ ነፈሰ። ከምኖርበት ከዶቨር ሰፈር እስከ ላቡ በአውቶቡስ ስሄድ በረዶው ከጣሪያ ሲንጠባጠብ እየሰማሁ ነበር። ሮጬ ወጣሁ፤ ቴርሞሜትሩ ንቅንቅ አላለም። አዲሱ ማቀዝቀዣ ያጉረመርማል። ሞተር ሲያጉረመርም እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የርክክቡ ሳምንት ደረሰ። ዶክተር አስቀድመው ማይክሮስኮፑን ራሱን ቀዝቃዛው ክፍል አስገብተው አብርደውታል። ሦስታችንም ጃኬት ለብሰን ገባን። የመጀመሪያው ትሬ፣ ወተት። ሁለተኛው፣ ወተትና ውሃ። ሃርፕሪት ዓይኗን ጨፍናለች። ዶክተር ትሬ በቀየሩ ቁጥር ትንፋሻቸውን ያወጣሉ። ከዚያ አንዱ ላይ ትንፋሻቸው አልወጣም። ቆየ።

«በላይ» አሉ በሹክሹክታ፣ «ና እይ።»

አየሁ። ጠብታዋ መሐል አንዲት ሳጥን ተቀምጣለች፤ ጠርዟ ስል፣ ጥግ ጥጓ የተሟላ፣ ብርሃኑን እየሰበረች። እስከ ዛሬ ካየኋቸው ሁሉ ትበልጣለች።

«እልል ልበል?»

«ውጭ ወጥተህ በል፤ እንዳታናውጥብኝ!»

ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ እልል አልኩት። ሰዎች ከየቢሮው ወጡ። አላፈርኩም።

ዶክተር ግን ገና አልሳቁም። «ጨው ልትሆን ትችላለች» አሉ። ጨውም እንዲሁ ጠርዝ አውጥቶ ይረጋል፤ ስንቱን አታሏል። ከፀጉር በቀጠነ የናይለን ቀለበት ክሪስታሏን ከጠብታዋ አጠመዷት። ክርናቸው ጠረጴዛ ላይ፣ ትንፋሽ ወደ ውጭ፣ ከዚያ በቅጽበት በሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ። ማሽኑ ላይ ሰቀሏት። ሃርፕሪት ራጁን ለቀቀች። ጨው ከሆነች ስክሪኑ ላይ ጥቂት ትላልቅ ነጥቦች ናቸው የሚታዩት።

ስክሪኑ በራ። ነጠብጣቡ ከመሐል ተነሥቶ እስከ ጠርዝ ሞልቶታል፤ ደቃቅ፣ ስል፣ በመስመር የተሰለፈ። ዶክተር ጣታቸውን አንሥተው የስክሪኑን ዳር፣ የመጨረሻዋን ነጥብ ነኩ።

«ጨው አይደለችም» አሉ። «እሷ ናት።»

ሃርፕሪት አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ጮኸች። ሁለቱም አለቀሱ፤ እኔም ዓይኔ ደህና አልነበረም።

ሙሉው ቅርጽ በሂሳብ የወጣው ከወራት በኋላ ነው። ወባ ጠፋች ብዬ አልዋሽም። ግን እጇ ታየች፤ ጣቷ የት እንደሚታጠፍ ታወቀ። ዛሬ መድኃኒት የሚፈልጉ ሰዎች ከዚያ ቅርጽ ተነሥተው እየሠሩ እንደሆነ ሃርፕሪት ደውላ ትነግረኛለች። እሷ አሁን የራሷ ላብ አላት።

ያን ቀን ግን ገና ነጠብጣቡን እያየን ሳለ በሩ ተንኳኳ። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ናቸው፤ ሜትር ከያዘ ሰው ጋር ክፍሉን ሊለኩ መጥተዋል። ጨዋ ሰው ናቸው፤ «ይቅርታ፣ ቀኑ ስለደረሰ ነው» እያሉ ገቡና ስክሪኑን አዩ። እሳቸውም የፊዚክስ ሰው ናቸው። ጎንበስ አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«የወባዋ?» አሉ።

«የወባዋ» አሉ ዶክተር።

ኃላፊው ቀና ብለው ሜትር የያዘውን ሰው አዩት። «ለኮምፒውተሮቹ ሌላ ክፍል እንፈልጋለን» አሉት። ሰውዬው የዘረጋው ሜትር ጥርር ብሎ ተጠቀለለ። ሁለቱም ወጡ።

ዶክተር ማላቲ እንባቸውን በሳሪያቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ። የጡረታ ሰው አይመስሉም ነበር።

«የታጠበ ብርጭቆ አለን?» አሉኝ።

«ሞልቷል» አልኳቸው።